የሻምፒዮናውን ሜዳ በኖራ ያሰመሩት የዲያቆን ሉሺየስ ፔቲግሩ የሕይወት ታሪክ

ዲያቆን ሉሺየስ ፔቲግሩ ከአባታቸው ከአቶ ካሌብ ፔቲግሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሱኪ ሬምበርት በማርች 9 ቀን 1893 በደቡብ ካሮላይና ፓይን ሌቭል በምትባል መንደር ተወለዱ። ከሰባት ልጆች ስድስተኛው ነበሩ። አባታቸው በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያርሱ እኩል አራሽ፣ እናታቸው የሰው ልብስ አጣቢ ነበሩ። ፊደል የቆጠሩት በሊትል ኤልም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጓዳ በተከፈተ የሦስት ወር ትምህርት ቤት ነው። ሦስት ወር የሆነው የቀሩት ወራት የጥጥ ስለነበሩ ነው።

በሴፕቴምበር 1910 በማርሎው ስፕሪንግስ ከተማ ወደሚገኘው ዌዘርስቢ ኮሌጅ ገቡ። ሠላሳ ሁለቱን ማይል በእግራቸው ነው የመጡት። የሚከፍሉት ስላልነበራቸው እንደ አብዛኛው ተማሪ ግማሹን ቀን በሥራ፣ ግማሹን ቀን በትምህርት እንዲያሳልፉ ተወስኖ ለግንበኝነት ክፍል ተሰጡ። የክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ድሬተን ኖራ ማብረድን አስተማሯቸው። ከምድጃ የወጣ ኖራ በጉድጓድ ውስጥ ውሃ እየጠጣ ይፈላል፤ ከዚያም ተሸፍኖ ለሳምንታት ይተኛል። ሳይበርድ የተነካ ኖራ እርጥበት ባገኘበት ሁሉ ያቃጥላል። ሚስተር ድሬተን በየጠዋቱ "ኖራ ዓይን ውስጥ ቢገባስ?" ብለው ይጠይቁ ነበር። ተማሪዎቹም "ውሃ! ቶሎ ውሃ! አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ!" ብለው ባንድ ድምፅ ይመልሱ ነበር።

የኮሌጁን የኳስ ሜዳ በኖራ ማስመርም የግንበኞች ሥራ ነበር፤ ከ1911 ጀምሮ ለእሳቸው ተሰጠ። ራሳቸው ተጫዋች አልነበሩም። ሞላላዋን ኳስ በብብቱ ወሽቆ ሰው እየገፋ መሮጥ የተሰጠው ለሌላ ነበር፤ ያም ሰው ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል ያደሩት ኤርስኪን ቦልዌር ናቸው። "ኤርስኪንን ለመጣል የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ለእናቱ ደብዳቤ ይጻፍ" ይባል ነበር። ዛሬ ይህ ጉባኤ ፕሮፌሰር ቦልዌር ብሎ የሚያውቃቸው፣ በዚህ ከተማ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማሩት ሰው እሳቸው ናቸው።

የሁለቱ ካሮላይናዎች የጥቁሮች ኮሌጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው አንድን ጨዋታ ሻምፒዮና ብለው የጠሩት በኖቬምበር 27 ቀን 1913፣ በምስጋና ቀን ነው። ተጋጣሚዎቹ በዚያ ዓመት ያልተሸነፉት ዌዘርስቢና ሳንዲ ፎርድ ነበሩ። ልዩ ባቡር ተከራይቶ፣ በበቅሎ ጋሪ ተጭኖ፣ የቻለም በእግሩ ሦስት ሺህ ሰው መጣ። ከሰሜን የኮሌጁ ባለአደራዎችም መጥተው በፊተኛው ወንበር ተቀመጡ። ለእነሱ ክብር ሲባል የግቢው አጥር ከዳር እስከ ዳር ነጭ ተቀብቶ ነበር። የሳንዲ ፎርድ ደጋፊዎች ይህን አይተው "ዌዘርስቢ፣ አጥር ቀቢ!" እያሉ ጨፈሩ። የኛዎቹም "ሳንዲ ፎርድ፣ ባቡሩ ሳያመልጥህ ውረድ!" ብለው መለሱ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተጀምሮ እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዜሮ ለዜሮ ነበሩ። ከዚያ ዌዘርስቢ ኳሷን ይዞ ከመጨረሻው መስመር አንድ እርምጃ ላይ ደረሰ፤ የቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነበር። ኳሷ ለኤርስኪን ቦልዌር ተሰጠች። አጎንብሰው ገቡ፤ ሃያ የሚሆን ሰው ተከመረባቸው። ዳኛው ሰዉን አንድ በአንድ እየጎተተ አነሣ። ከሥር የወጡት ኤርስኪን ፊታቸው በጭቃና በኖራ ተለስኖ ኳሷን እንደ ሕፃን አቅፈው ነበር። መስመሩ ተረጋግጦ ጠፍቷል፤ ደርሷል አልደረሰም የሚል ክርክር ተነሣ። ዳኛው ኳሷን ወስዶ ገለባበጠና ወደ ላይ አነሣት። አፍንጫዋ ላይ ነጭ ኖራ ነበረባት። መስመሩን ነክታለችና፣ ይህም ስድስት ነጥብ ስለሆነ፣ ዌዘርስቢ ስድስት ለዜሮ አሸነፈ። ይህችን ኳስ ያላያት የዚህ ከተማ ልጅ የለም።

ፕሮፌሰር ቦልዌር በዚያ ጨዋታ የሁለት ዓይናቸውን ብርሃን ማጣታቸውን ሁሉም ያውቃል። በየዓመቱ በምስጋና ቀን ግብዣ ላይ ተነሥተው "ያን ቀን ሦስት ሺህ ሰው ሲጨፍር ውሃ ይዞ የመጣልኝ አንድ ሰው ሉሽ ፔቲግሩ ነው" ሲሉ ሰምተናል። አጨብጭበናል። የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ለዚህ ቀን ያዘጋጀችው የመጀመሪያ ጽሑፍ ላይም "ለወንድማቸው ውሃ ይዘው የሮጡት" የሚል ተጽፎ ነበር። የዲያቆን ሉሺየስ ልጅ ማቲሊን ሰርዛዋለች። የሰረዘችውም አባቷ ስላዘዟት ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለውም እሳቸው በኦክቶበር ወር በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ያስጻፏት ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ ጭብጨባውን በሰሙት ሰዎች ፊት እንዲነበብ ብለዋል።

ከጨዋታው በፊት ማክሰኞና ረቡዕ ዘንቦ ሐሙስ ጠዋት መስመሩ ሁሉ ታጥቦ ነበር። የበረደው ኖራ የሚተኛበት ጉድጓድ ባዶ ነበር፤ ለባለአደራዎቹ ሲባል አጥሩ ላይ አልቋል። የነበረው ሰኞ ዕለት ከምድጃ የመጣ አንድ በርሜል ብቻ ነው። ባቡሩ በአራት ሰዓት ሊገባ ነው። ዲያቆን ሉሺየስ በርሜሉን ከፈቱና ደረቁን ኖራ በእርጥቡ ሜዳ ላይ ይነሰንሱ ጀመር። ሚስተር ድሬተን የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ።

"በርዷል?"

"በርዷል፣ ጌታዬ።"

ሚስተር ድሬተን አመኑና አለፉ። "መሬቱ እርጥብ ነው፤ እስከ ስምንት ሰዓት ራሱ ይበርዳል ብዬ ነበር" ብለዋል ዲያቆን ሉሺየስ። በጨዋታው መካከል ልጆቹ "ጉልበቴ ነደደ፣ ክርኔ ነደደ" ሲሉ ሰምተዋል። ሌላው ሰው መላላጥ መሰለው፤ እሳቸው ግን እንዳልበረደ ያን ጊዜ አወቁ። ስለዚህ አንድ ባልዲ ውሃ ቀድተው ከሜዳው ዳር ቆሙ።

ድሉ እንደታወጀ ኤርስኪን ቦልዌር በሰው ትከሻ ላይ ወጥተው "አውርዱኝ! ዓይኔን! ዓይኔን!" ይሉ ነበር። ሕዝቡ የደስታ ለቅሶ መሰለው። "አልቅስ ወንድሜ፣ የዛሬን አልቅስ!" ይላቸው ነበር። ዲያቆን ሉሺየስ ከሃያ እርምጃ ላይ ባልዲውን ይዘው ይህን ያያሉ። ምን መደረግ እንዳለበት በየጠዋቱ ሲጮሁት የኖሩት ነገር ነው። ነገር ግን ውሃ ይዞ መሮጥ ኖራው እንዳልበረደ መናገር ነበር። የሙዚቃ ባንዱ የድል ማርሹን ሦስት ጊዜ እስኪጫወት ድረስ ቆሙ። ከዚያ ሄዱ። ኤርስኪን ከትከሻ ወርደው በመዳሰስ ላይ ነበሩ፤ ፊታቸውን አጠቡላቸው። "ማን ነህ?" አሉ ኤርስኪን። "ሉሽ ነኝ።" "ተባረክ ሉሽ።"

በከተማው የነበረው ሐኪም ጥቁር አያክምም ነበር፤ የእኛው ሐኪም አርባ ማይል ይርቅ ስለነበር በማግስቱ ደረሰ። እስከ ገና ሁለቱም ዓይኖች ጠፉ። ኮሌጁ ጭቃው ነው አለ፣ ጋዜጣውም ግፊያው ነው አለ። ሚስተር ድሬተን ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም።

ዲያቆን ሉሺየስ በፌብሩዋሪ 1914 ዲፕሎማቸውን ሳይወስዱ ኮሌጁን ለቀቁ። ቤተሰቡ ምክንያቱን ችግር ነው ሲል ኖሯል። በለሳኝነት ሥራ ተሰማሩ፤ በ1918 ለጦርነቱ ተመልምለው በፈረንሳይ አገር መርከብ ሲያራግፉ አንድ ዓመት ቆዩ። ሲመለሱ ሌላ ከተማ መሄድ ይችሉ ነበር፤ ወንድሞቻቸው ዲትሮይት ሄደዋል። እሳቸው ግን ማርሎው ስፕሪንግስ፣ ከፕሮፌሰር ቦልዌር ቤት ሦስተኛው በር ላይ ቤት ሠሩ።

በጁን 12 ቀን 1920 ከወይዘሮ ኦዴሳ ጋይዮን ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳሰሩ። ሦስት ልጆች ወልደዋል። የበኩር ልጃቸውን ኤርስኪን ብለው ሰየሙት፤ ፕሮፌሰር ቦልዌር በዚያ ቀን ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ሁለተኛዋ ማቲሊን ናት። ሦስተኛዋ ሱኪ በአንድ ዓመቷ ዐርፋለች። ዲያቆን ሉሺየስ የዚህን አውራጃ ግማሽ ቤት ለስነዋል ቢባል ውሸት አይሆንም፤ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያም የእጃቸው ሥራ ነው። የፕሮፌሰር ቦልዌርን ቤት ሦስት ጊዜ አድሰዋል። የራሳቸው ቤት የኋለኛው ክፍል ግን እስከ ዛሬ አልተለሰነም፤ ልጆቻቸው በክረምት ነፋስ እየገባባቸው ነው ያደጉበት። ወይዘሮ ኦዴሳ "እኔ እንኳ ባሌ የየትኛው ቤት እንደሆነ አላውቅም፤ ፕሮፌሰር ጋ ይሠራል፣ እኔ ጋ ይበላል" እያሉ በሰው ፊት ይቀልዱ ነበር። ጓዳ ሲገቡ ግን አይቀልዱም ነበር።

በ1931 ዲያቆን ሆነው ተሾሙ። አርባ ዓመት ሙሉ የጌታን እራት ሲያዘጋጁ፣ ከጽዋው ራሳቸው ሲቀበሉ ያየ የለም፤ ሰዉ ትሕትና ነው ይል ነበር። ፕሮፌሰር ቦልዌርን ዕድሜ ልካቸውን እርስዎ ሲሉ ኖሩ። "ሉሽ፣ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለን አድረን እርስዎ የምትለኝ እስከ መቼ ነው?" ይሏቸው ነበር ፕሮፌሰሩ። "ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ፕሮፌሰር።" የምስጋና ቀን ግብዣ በመጣ ቁጥር ደግሞ ዲያቆን ሉሺየስ ሄደው ይቀመጣሉ፤ ስለ ውሃው ሲነገር ሳህናቸውን ያያሉ። ቤት ሲመለሱ ወይዘሮ ኦዴሳ ያዘጋጁትን የስኳር ድንች ፓይ አይቀምሱም። ልጆቹ ይህን የአባታቸው ጠባይ ነው ብለው ለምደውት ነበር።

በ1938 አንድ ከሰዓት በኋላ እውነቱን ለፕሮፌሰር ቦልዌር ሊነግሯቸው ቆርጠው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እስከ በረንዳቸው ሄደዋል። ፕሮፌሰር ቦልዌር ሰውን ሁሉ በኮቴው ነው የሚያውቁት።

"ሉሽ፣ ዛሬ ኮቴህ ከብዷል። ምን ይዘህ መጣህ?"

"ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ፕሮፌሰር።"

"ይምጣ እንጂ፤ ቦቆሎው ይጠጣ።"

ስለ ቦቆሎ አውርተው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጊዜ እንዳልሞከሩ ለልጃቸው ነግረዋታል።

ወይዘሮ ኦዴሳ በ1963 ዐረፉ። እሳቸውም ምስጢሩን ሳያውቁ ነው የሞቱት። ዲያቆን ሉሺየስ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ኖሩ፤ ከ1969 ጀምሮ የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። በዚህ ዓመት ኦክቶበር 19 ቀን ልጃቸውን ወረቀት ይዛ እንድትመጣ ጠሯት። በትምህርት ቤት ጽሕፈት ስለምትሠራ የመጣችው ኑዛዜ ልትጽፍ መስሏት ነበር። ሲጨርሱ "አባባ፣ ለምን ለፕሮፌሰር አንተ ራስህ አትነግራቸውም? እሳቸው እኮ በየሳምንቱ እዚህ እየመጡ ይጠይቁሃል" አለቻቸው።

"አልችልም፣ ማቲ። ተባረክ ካለኝ በኋላ አልችልም።"

"እኔስ እንዴት እችላለሁ?"

"አንቺ እኮ ውሃ አልያዝሽም።"

ይህን ሲናገሩ አላለቀሱም። ልጃቸውም አላለቀሰችም፤ እስከ ዛሬም አላለቀሰችም። ሰው ሲጠይቃት ደህና ነኝ ትላለች፤ ምንም የሚሰማት ነገር ስለሌለ ውሸት አይደለም። ምግብ ይዘው የመጡትን ሁሉ አመስግናለች። የሬሳ ሳጥኑን ቀለም መርጣለች፣ ልብሳቸውን አስተኩሳለች። አባቷን እንደምትወድና እንደተናደደችባቸው ታውቃለች፤ ሁለቱንም የምታውቀው በወሬ እንደሰማ ሰው ነው።

ዲያቆን ሉሺየስ ፔቲግሩ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው እሑድ ኖቬምበር 14 ቀን 1971፣ ጠዋት፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን በሚገባበት ሰዓት ዐረፉ።

ፕሮፌሰር ቦልዌር ይህን ጽሑፍ በጉባኤ መካከል ተቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሰሙት ማድረግ ተገቢ አይደለም በማለት ልጃቸው ማቲሊን ረቡዕ ዕለት ወደ ቤታቸው ሄደች። አባቷ እንዲህ አድርጊ አላሏትም። ፕሮፌሰሩ በበረንዳቸው ላይ ፔካን የሚባለውን ለውዝ እየሰበሩ ነበር። "ግቢ ልጄ። እግርሽ የአባትሽን መስሏል" አሏት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ስታነብ መስበራቸውን አላቋረጡም ነበር፤ ፍሬውን ወደ አንዱ ሳህን፣ ልጣጩን ወደ ሌላው ይጥሉ ነበር። ከዚያ ግን ሁለቱንም ወደ አንዱ ሳህን ይጥሉ ጀመር።

"ባንዱ ስንት ጊዜ ተጫወተ ነው ያለው?"

"ሁለት ጊዜ ነው ያሉኝ፣ ፕሮፌሰር።"

"ሦስት ነው። እኔ ትከሻ ላይ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ፤ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። በቤተ ክርስቲያን የሚነበብ ከሆነ ይስተካከል።"

ተስተካክሏል።

ልጃቸው ቀጥላ፣ አባቷ ሳጥናቸውን ከሚይዙት ስድስት ሰዎች መካከል የፕሮፌሰርን ስም ከዓመታት በፊት አስጽፈው እንደነበረ ነገረቻቸው። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ስለሆኑም ለስሙ ያህል እንጂ ክብደቱን ሌሎቹ እንደሚይዙት አስረዳች። ስማቸው ይውጣ ወይስ ይቆይ ብላ ጠየቀች።

"አታውጪው፤ አታስገቢውም" አሉ። "ይቅር ብዬዋለሁ እንድል ነው የመጣሽው?"

"አይደለም፣ ፕሮፌሰር። እንዲያውቁት ብዬ ነው።"

"እንግዲህ አወቅኩ። እኔ በየዓመቱ ቆሜ ስሙን የጠራሁት ሰው ነው። ሌላ ሉሽ አልነበረኝም፣ ገባሽ? አሁን ሂጂልኝ።"

ስትወጣ ደረጃውን ተጠንቀቂ ብለዋታል። ጽሑፉ ሐሙስ ወደ ማተሚያ ቤት ስለሄደ፣ ይህ በሚነበብበት ሰዓት ፕሮፌሰር ቦልዌር በጉባኤው ይኑሩ አይኑሩ የጻፈችው አታውቅም።

ከዲያቆን ሉሺየስ ወደ ኋላ የቀሩት ልጃቸው ኤርስኪን ፔቲግሩ ከነባለቤቱ፣ ልጃቸው ማቲሊን ፔቲግሩ ስኪነር ከነባለቤቷ፣ ሰባት የልጅ ልጆች፣ በዲትሮይት ያሉ አንዲት እኅታቸው፣ እንዲሁም አርባ ዓመት ያገለገሉት ይህ ጉባኤ ናቸው። ሳጥኑን ልጃቸው ኤርስኪን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ሁለት ዲያቆናት ይይዛሉ። ሳጥኑ ስድስት እጀታ አለው። በቀኝ በኩል በራስጌ ያለው እጀታ ስም አልተጻፈበትም። ፕሮፌሰር ካልመጡ ዲያቆን ሉሺየስ በአምስት ሰው ይወጣሉ፤ በዚያ ቦታ ሌላ ሰው እንዳይገባ ቤተሰቡ ይለምናል።

ከእናታችን ማሕፀን ጀምረህ የምታውቀን አምላክ ሆይ፣ የአገልጋይህን የሉሺየስን ነፍስ ከነእውነቷ ተቀበል። በምድር ለቀረው ለወንድሙ ለኤርስኪን ቦልዌርም የሚሆነውን አንተ ታውቃለህ፤ እኛ አናውቅም። አሜን።